ተራራው ነው ወይስ ማዕድን ቆፋሪው? አርሰኒክ በተራራ ወንዞች

በ1958 የሰሜን ቺሊዋ የወደብ ከተማ አንቶፋጋስታ ከአንዲስ ተራሮች የሚወርደውን የቶኮንሴን ወንዝ ውሃ በቧንቧ የአታካማን በረሃ አሻግራ ወደ ቤቷ አስገባች። (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዝናብ እምብዛም ለማያውቅ ሕዝብ ትልቅ እፎይታ ነበር። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አይሸትም፣ ምላስ ላይም የተለየ ጣዕም አይተውም። በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ግን ከ800 ማይክሮ ግራም በላይ አርሰኒክ ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ጣሪያ 10 ማይክሮ ግራም ነው፤ ይህም አንድ ግራም አርሰኒክ በ100 ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ ሲበተን የሚገኘው መጠን ነው።

ብዙም ሳይቆይ በልጆች ቆዳ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ደግሞ የጠጠረ፣ ኪንታሮት መሰል ቆዳ መታየት ጀመረ። በ1970 የማጣሪያ ጣቢያ ተተከለ፤ የአርሰኒኩም መጠን በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። የካሊፎርኒያው አለን ስሚዝ፣ የቺሊዋ ካተሪና ፌሬቾና ባልደረቦቻቸው የክልሉን የሞት መዝገብ ከሌላ የቺሊ ክልል ጋር አነጻጸሩ። በሳንባና በሽንት ፊኛ ካንሰር የሚሞተው ሰው መብዛት የጀመረው ውሃው ከገባ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ላይ የደረሰው ደግሞ ከ1986 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት፣ ማለትም ሕዝቡ የተጣራ ውሃ መጠጣት ከጀመረ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያ ጊዜ በሳንባ ካንሰር መሞት ከሦስት እጥፍ በላይ፣ በፊኛ ካንሰር መሞት በወንዶች ስድስት እጥፍ፣ በሴቶች ከ10 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በማህፀንና በሕፃንነት ያንን ውሃ ያገኙት ሰዎች ካደጉ በኋላም አደጋው አልተዋቸውም።

የአንቶፋጋስታ ጉዳይ በሕክምና ጥናት ዘንድ ልዩ ቦታ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። የመርዙ መግቢያ ዓመት ይታወቃል፣ መውጫ ዓመቱም ይታወቃል፤ ከተማው በሙሉ ከአንድ ምንጭ ይጠጣ ስለነበር ማን ምን ያህል እንዳገኘ መገመት ይቻላል። እዚህ የተነሣው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የአካባቢው ጎረቤት ቹኪካማታ፣ ከዓለም ግዙፍ የመዳብ ጉድጓዶች አንዱ ነው፤ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደዚያ ቢቀስር የሚገርም አልነበረም። የቶኮንሴን አርሰኒክ ያመጣው ግን መዳብ ቆፋሪው ሳይሆን የእሳተ ገሞራው ድንጋይና ፍል ውሃው ነበር። በዚያው ተራራ ላይ የሚገኘው የኤል ታቲዮ ፍል ውሃ መስክ ከምድር ውስጥ የሚያፈልቀው ውሃ አርሰኒክ የበዛበት ሲሆን፣ ገባሮቹ እየተቀባበሉ ወደ ሎዋ ወንዝ ያወርዱታል።

«ማን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ በአርሰኒክ ጉዳይ ሁሉ ላይ ያንዣብባል። የማዕድን ባለቤቱ «ተራራው ነው» ይላል፤ የተፋሰሱ ነዋሪ «ማዕድን ማውጫው ነው» ይላል። እንደ እኔ አመለካከት ከሁለቱ አንዱን መርጦ መቆም ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው፤ ሆኖም በሁለቱ ስህተቶች መካከል ሚዛኑ እኩል አይደለም። «ተፈጥሮ ነው» የሚለው መልስ እጅግ ይመቻል፤ ተራራ ፍርድ ቤት አይቀርብም፣ ካሳም አይከፍልም።

አርሰኒክ በራሱ ብርቅ ነገር አይደለም። በዝናብም በአፈርም በድንጋይም ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። በብዛት የሚከማቸው ግን ከድኝ ጋር ሲዋሃድ ነው፤ በተለይ ብረት፣ አርሰኒክና ድኝ በአንድነት የሚሠሩት አርሰኖፓይራይት የተባለ ብርማ ማዕድን ዋናው ጎተራው ነው። ወርቃማ ቢጫው ኦርፒመንትም የአርሰኒክና የድኝ ውህድ ነው፤ በነገራችን ላይ በጥንት የብራና ሥዕሎቻችን ላይ ከተለዩት ቢጫ ቀለሞች አንዱ ይኸው ነው። እነዚህ ማዕድናት ከምድር በታች አየር ሳይነካቸው ሲቀመጡ ብዙ ጉዳት የላቸውም። ተራራ ሲሸረሸር፣ ወይም ሰው ዋሻ ሲቆፍርና ድንጋይ ሲፈጭ፣ ኦክስጅንና ውሃ ይደርሱባቸዋል። ድኙ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ አርሰኒኩም ይፈታል። ይህን ሥራ የሚያፋጥኑ፣ ከብረትና ከድኝ ጉልበት እየሳቡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ተፈጥሮ በሺህ ዓመታት የምታደርገውን የማዕድን ማውጫ በጥቂት ዓመታት ያደርገዋል፤ ኬሚስትሪው አንድ ነው፣ የሚለየው አየር የሚያገኘው የድንጋይ ገጽ ስፋት ነው። ተራራ ውስጥ እንደ አለት የነበረው ዱቄት ሆኗልና።

ቀጥሎ የሚሆነውን ወንዙ ራሱ ይወስናል። የተሟሟው ብረት ዝገት ሆኖ ሲረጋ አርሰኒኩን ለጥፎ ይዞት ይወርዳል፤ ብርቱካናማ ደለል ያለበት ጅረት ይህን የሚያሳይ ነው። ስለዚህ ከምንጩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ የተቀዳ ውሃ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል፣ አርሰኒኩ ግን አልጠፋም፣ የወንዙ ወለል ላይ ተኝቷል። ውሃው የበለጠ አልካላይን ከሆነ ዝገቱ ይዞ የቆየውን ይለቃል። ኦክስጅን ባጣ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ዝገቱ ራሱ ይሟሟና እስረኛውን ይፈታል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው አርሰኒክ ይበልጥ መርዘኛና ለማጣራትም ይበልጥ አስቸጋሪ የሆነው ዓይነት ነው።

ባንግላዴሽንና ምዕራብ ቤንጋልን ያጠቃው ይኸው የጭቃ ውስጥ ሥራ ነው። ከሂማላያ የተሸረሸረው ደለል በጋንጅስና በብራህማፑትራ ተጉዞ ዴልታው ላይ ተነጠፈ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን ከተበከለ የኩሬ ውሃ ለማዳን በሚል በጎ ሐሳብ ሚሊዮኖች የቱቦ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ከደለሉ የወጣው ውሃ ከተቅማጥ ቢያድንም አርሰኒክ ይዞ መጣ። በምዕራብ ቤንጋል በ1983፣ በባንግላዴሽ በ1993 ችግሩ ታወቀ። አለን ስሚዝና ባልደረቦቹ በ2000 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ይህን በታሪክ ትልቁ የጅምላ መመረዝ ብለው ጠርተውታል። ስለ ባንግላዴሽ ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አልቆይበትም፤ ማስታወስ የሚገባው ግን የተራራ አርሰኒክ መዳረሻው ሩቅ መሆኑን ነው።

ከማዕድን ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ተራራማ ወንዝ ለማየት ወደ አሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ይበቃል። ፓርኩ ከ1872 ጀምሮ የተጠበቀ ነው። ከፍል ውሃዎቹ የሚወጣው አርሰኒክ በፋየርሆልና በጊበን ወንዞች ይወርዳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ማዲሰን ወንዝ ይሆናሉ። ማዲሰን ከፓርኩ ሲወጣ በሊትር ከ200 ማይክሮ ግራም በላይ አርሰኒክ ይዞ ነው። ገባሮች እየተቀላቀሉት እየቀጠነ ቢሄድም ሚዙሪ የሚለውን ታላቅ ስም በሚያገኝበት ቦታም ገና ከ10 በላይ ነው። ቲቤት ላይ ኢንደስ ገና ሴንጌ ጻንግፖ በሚባልበት የላይኛው ጉዞው ተመሳሳይ ነገር ይታያል።

ኒው ዚላንድ ውስጥ ደግሞ ድንበሩ ይደበዝዛል። ዋይካቶ ወንዝ የሚያልፍበት የታውፖ እሳተ ገሞራ ቀጠና በራሱ ፍል ውሃ ያፈልቃል። በ1958 ሥራ የጀመረው የዋይራኬ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ከጥልቅ ጉድጓድ የሳበውን ሙቅ ውሃ ኃይሉን ከወሰደ በኋላ ወደ ወንዙ ይለቅ ነበር። አርሰኒኩ የምድር ነው፣ ቧንቧው የሰው ነው። ይህን «ተፈጥሯዊ» ወይስ «ሰው ሠራሽ» በሚል ሣጥን ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ የሕግ ሰው ብዙ ይቸገራል። ውሃውን የሚጠጡት የሃሚልተንና የኦክላንድ ከተሞች ግን ክርክሩን ትተው አርሰኒኩን ያጣራሉ።

እዚህ ላይ አንድ የኬሚስትሪ እውነት ማንሳት ግድ ይላል። እርሳስ በአካባቢ ሲገኝ ሊቃውንት በአይዞቶፖቹ ጥምርታ ከየትኛው ማዕድን ወይም ከየትኛው ቤንዚን እንደመጣ መከታተል ይችላሉ። አርሰኒክ ግን በተፈጥሮ ያለው አንድ ቋሚ አይዞቶፕ ብቻ ነው፣ አርሰኒክ 75። ከፍል ውሃ የመጣው አርሰኒክና ከማዕድን ዝቃጭ የመጣው አርሰኒክ አተም ለአተም ሲታዩ አይለያዩም። የትውልድ መታወቂያ የሌለው መንገደኛ ማለት ነው። ስለዚህ የሚታየው ራሱ ሳይሆን አብረውት የሚጓዙት ናቸው። ከፍል ውሃ የሚመጣ አርሰኒክ አብዛኛውን ጊዜ ክሎራይድ፣ ቦሮንና ሊቲየም ይከተሉታል። ከማዕድን አሲድ የሚመጣው ደግሞ ሰልፌት፣ ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብና እርሳስ ያጅቡታል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ተራራው ራሱ የድኝ ማዕድን የሞላበት ከሆነ ያለ ማንም ቆፋሪ ያንኑ አጀብ ይልካል። ማዕድን ማውጫ የሚከፈተው ደግሞ እንዲህ ባለ ተራራ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ማን ይቆፍራል? ተፈጥሮና ማዕድን ማውጫ በአንድ ሸለቆ መገኘታቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። በወርቅ ዘንድ ነገሩ እጅግ የጠበቀ ከመሆኑ የተነሣ ወርቅ ፈላጊዎች አርሰኒክን ራሱን እንደ ጥቆማ ይጠቀሙበታል፤ የጅረት ደለል መርምረው አርሰኒክ ከበዛበት ወደ ላይ ይወጣሉ።

የማዕድን ታሪኩ ረጅም ነው። ለምሳሌነት የመረጥኩት አንደኛው ሳይታይ የቆየ፣ ሁለተኛው በስፋቱ የገዘፈ፣ ሦስተኛው ገና ያልተዘጋ ነው።

የመጀመሪያው ቶሮኩ ነው፤ በጃፓን ኪዩሹ ደሴት፣ በሚያዛኪ አውራጃ ተራሮች መካከል ያለ ትንሽ መንደር። ከ1920 እስከ 1962 እዚያ አርሰኖፓይራይት እየተጠበሰ ነጭ የአርሰኒክ ዱቄት ይመረት ነበር፤ ዱቄቱ ለተባይ ማጥፊያ ይሸጣል። ጭሱ ሸለቆውን ሞላ፣ ዝቃጩ ወደ ቶሮኩ ወንዝ ወረደ። የመንደሩ ሰው ታመመ፣ ከብቱ አለቀ፣ ግን ጉዳዩ ከተራራው አልወጣም። አደባባይ ያወጣው በ1971 የአካባቢው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ የነዋሪዎቹን ሕመምና ሞት መዝግቦ ለመምህራን ጉባኤ አቀረበ። በ1973 መንግሥት ቶሮኩን በይፋ ከብክለት በሽታ አካባቢዎች ተራ አስገባው፤ ከሚናማታው የሜርኩሪ በሽታ ጋር ማለት ነው። የካሳው ሙግት በስምምነት የተቋጨው በ1990 ነበር። የቶሮኩን ተጎጂዎች ሲደግፉ የነበሩ ሰዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእስያ አርሰኒክ ኔትወርክን መሥርተው ወደ ባንግላዴሽ ሄዱ። ከተራራ መንደር የወጣ ልምድ የዴልታ ገበሬዎችን ጉድጓድ እስከ መመርመር ደረሰ፤ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ካሉት ታሪኮች ልብ የሚያሞቀው ይህ አንዱ ነው።

ሁለተኛው በሞንታና የክላርክ ፎርክ ወንዝ ነው። ከላዩ የቢዩትና የአናኮንዳ የመዳብ ማዕድንና ማቅለጫ አለ፤ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ፣ በሚልታውን፣ በ1908 መጀመሪያ ላይ የኃይል ማመንጫ ግድብ ተሠራ። በዚያው ዓመት ሰኔ ታላቅ ጎርፍ መጣ፤ አሥርት ዓመታት የተከማቸውን ዝቃጭ ጠርጎ አዲሱ ግድብ ኋላ ደፋው። 73 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1981፣ የሚልታውን ጉድጓዶች ሲመረመሩ አርሰኒክ ተገኘባቸው። የግድቡ ደለል ኦክስጅን አጥቶ የያዘውን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እየለቀቀ ነበር። ቦታው በ1983 በአሜሪካ የብክለት ማጽጃ መዝገብ ገባ፤ ግድቡ የተከፈተው ግን በመጋቢት 2008 ነው። ከሁለት ሚሊዮን ኪዩቢክ ያርድ በላይ ደለል ተዝቆ በባቡር ወደ ላይ ተመለሰ፤ የተደፋውም በአናኮንዳ አጠገብ ባለችው ኦፖርቹኒቲ በምትባል መንደር ነው። የመንደሯ ሰዎች «የታችኞቹ ወንዝ ጸዳ፣ ቆሻሻው እኛ በር ላይ ቀረ» ብለው ማማረራቸው ፍትሐዊ ነው። አርሰኒክ ንጥረ ነገር ነውና አይበሰብስም፣ አይቃጠልም፤ ማጽዳት ማለት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማዛወር ነው፣ የሚቀረው ጥያቄ ወዴት የሚለው ነው።

ከዚያው አገር፣ ከኮሎራዶ፣ ዓለም ሁሉ ያየው ሌላ ክስተት አለ። ነሐሴ 5 ቀን 2015 በጎልድ ኪንግ የተተወ ማዕድን ማውጫ ላይ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ራሱ ያሰማራቸው ሠራተኞች ሲቆፍሩ 11 ሚሊዮን ሊትር ገደማ አሲዳም ውሃ ፈንድቶ ወጣ፤ የአኒማስ ወንዝ ለቀናት ብርቱካናማ ሆነ። ፎቶግራፉ በየጋዜጣው ወጣ። የሚታየው ቀለም ግን የብረት ዝገት እንጂ አርሰኒክ አልነበረም፣ የውሃው ጥራትም ከሳምንታት በኋላ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ወደ ቀድሞው ሲባል፣ በዚያ አካባቢ ያሉ በርካታ የተተዉ ዋሻዎች ያለማቋረጥ የሚያፈሱት ውሃ ወዳለበት ማለት ነው። ለቀናት ብርቱካናማ የሆነ ወንዝ ካሜራ ይጠራል፤ መቶ ዓመት በዝምታ የሚያንጠባጥብ ዋሻ አይጠራም።

ጎርፍ አሮጌ ዝቃጭ እንደሚቀሰቅስ በደቡብ ፈረንሳይም ታይቷል። በሞንታኝ ኑዋር ተራራ ላይ ያለው የሳልሲኝ ወርቅ ማዕድን በዘመኑ ከዓለም ዋና የአርሰኒክ አምራቾች አንዱ ነበር፤ በ2004 ተዘጋ። በጥቅምት 2018 የኦርቢዬል ወንዝ ሸለቆውን አጥለቀለቀው። በማግስቱ ዓመት የአካባቢው ሕፃናት ሽንት ሲመረመር በብዙዎቹ ላይ ከሚጠበቀው በላይ አርሰኒክ ተገኘ። በቦሊቪያም በ1996 የፖርኮ ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ ጭቃው ወደ ፒልኮማዮ ወንዝ ገብቷል።

ሦስተኛው፣ ገና ያልተዘጋው ምሳሌ፣ የኮክ ወንዝ ጉዳይ ነው። ኮክ ከምያንማር የሻን ግዛት ተራሮች ይነሣል፣ በሰሜን ታይላንድ በማኤ አይና በቺያንግ ራይ በኩል አልፎ ሜኮንግ ይገባል። በመስከረም 2024 ያጊ የተባለው ማዕበል ያስከተለው ጎርፍ ከወትሮው የወፈረ ጭቃ ትቶ ሄደ። በ2025 ጸደይ የታይላንድ ባለሥልጣናት ውሃውን ሲመረምሩ አርሰኒክ ከመመዘኛቸው በላይ አገኙ፤ ሕዝቡ ወንዙን ከመንካት እንዲቆጠብ ተነገረው። ዓሣ አጥማጁ ገበያ አጣ፣ የዝሆን ጉዞ ያስጎበኙ የነበሩ መንደሮች እንግዳ ራቃቸው፣ ሩዝ ገበሬውም በዚያው ውሃ ማሳውን ያጠጣል። የሳተላይት ምስሎች በላይኛው ተፋሰስ አዳዲስ የወርቅና የብርቅዬ ማዕድናት ቁፋሮዎች ያሳያሉ፤ ቦታዎቹ በታጠቁ ቡድኖች እጅ ስለሆኑ ናሙና ወስዶ መመለስ ቀላል አይደለም። ለታይላንድ መንግሥት ውሃው ድንበር ከተሻገረ በኋላ መለካት ይቀላል፤ ከድንበሩ ማዶ ማንን ማናገር እንዳለበት ግን ካርታው አይነግረውም። ሩዝ ማሳው በውሃ ተጥለቅልቆ ስለሚበቅል፣ ከአፈር የሚለቀቀውን አርሰኒክ ከሌሎች እህሎች ይበልጥ ይስባል። በመጠጥ ውሃው ላይ ያተኮረ ክርክር ይህን መንገድ ሊረሳው አይገባም።

መለካቱ ራሱ ቀላል የሚመስል፣ ግን ብዙ የሚያሳስት ሥራ ነው። በሞንታና ወንዞች ላይ በየሰዓቱ ናሙና የወሰዱ ተመራማሪዎች አርሰኒክ ማለዳ ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ እንደሚል አገኙ። ምክንያቱ ፀሐይ ስትወጣ የወንዙ አልጌ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ውሃው አልካላይን ይሆናል፤ በድንጋዩ ላይ የተለጠፈው አርሰኒክም ይለቃል። ዚንክ በተቃራኒው ሌሊት ይበዛል። ማለዳ የሚቀዳ ናሙና ስለ አርሰኒክ የተሻለ ዜና ያመጣል ማለት ነው። በዓመት ደረጃም እንዲሁ ነው፤ በፍል ውሃ የሚመገብ ወንዝ በበጋ ሲቀንስ አርሰኒኩ ይወፍራል፣ ዝናብ ሲመጣ ይቀጥናል። ዝቃጭ ያለበት ወንዝ ግን ዋናውን ሸክም የሚያንቀሳቅሰው በጎርፍ ቀን ነው፤ በተጣራ ውሃ ላይ ብቻ የሚደረግ ምርመራ ደለሉን አያይም። አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚቀርብ ዘገባ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ሰዓቱንና ወሩን እንዲናገር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሰውነት ይለምደዋል ወይ የሚል ጥያቄም ይነሣል። በሰሜን ቺሊ የካማሮኔስ ወንዝ በሊትር 1,000 ማይክሮ ግራም ገደማ አርሰኒክ ይዞ ይፈሳል፤ በዚያ አካባቢ የኖሩት የቺንቾሮ ሕዝቦች ከሺህ ዓመታት በፊት የቀበሯቸው ሙሚዎች ፀጉርና አካል ውስጥ አርሰኒክ ተገኝቷል። በካማሮኔስና በአርጀንቲናዋ ሳን አንቶኒዮ ደ ሎስ ኮብሬስ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች አርሰኒክን ከሰውነት በፍጥነት የሚያስወጣ ዘረመል በብዛት እንዳላቸው ተረጋግጧል። አስደናቂ ግኝት ነው። ይህ ግን የመቶ ትውልዶች ሞት ያስከፈለ መላመድ ነው፤ ዛሬ ወንዙ የተበከለበት መንደር ሊጠብቀው የሚችል ነገር አይደለም።

መፍትሔውን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚስተው ውሃ ማፍላትን ነው። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ አርሰኒክን ግን አያስወግድም፣ ውሃው በትነት ሲቀንስ እንዲያውም ይበልጥ ያወፍረዋል። ለከተማ የሚሠራው ዘዴ ከተፈጥሮ የተቀዳ ነው፦ መጀመሪያ በክሎሪን አስቸጋሪውን ዓይነት ወደ ሌላኛው መለወጥ፣ ከዚያ የብረት ጨው ጨምሮ ዝገት ማርጋት፣ ዝገቱ አርሰኒኩን ይዞ ሲወርድ ማጣራት። አንቶፋጋስታ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ለገጠር ቤተሰብ በባንግላዴሽ ተወላጁ በአቡል ሁሳም የተሠራው ሶኖ የተባለ የብረትና የአሸዋ ማጣሪያ በ2007 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ማጣሪያው የሚይዘውን ዝገት ማን፣ የት ይጥላል የሚለው ጥያቄ ግን ኦፖርቹኒቲ ላይ የተነሣው ያው ጥያቄ ነው።

ማዕድን ማውጫውን ማስቆምም ወንዙን አያቆመውም። በካሊፎርኒያ አይረን ማውንቴን በተባለው የቀድሞ ማዕድን ውስጥ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ የባሰ አሲዳም ውሃ ተገኝቷል፤ ፒኤችው ከዜሮ በታች፣ እስከ ሲቀነስ 3.6 ደርሷል። በዋሻው ውስጥ ያለው ፓይራይት አሁን ባለው ፍጥነት ከሄደ አሲዱ ለ2,500 ዓመታትና ከዚያም በላይ ሊፈስ እንደሚችል ተገምቷል። በኖራ የሚያክመው ጣቢያ ሌት ተቀን ይሠራል። ማንም ኩባንያ፣ ማንም መንግሥት ለዚያን ያህል ዘመን ዋስትና አስይዞ አያውቅም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በተፈጥሮው በኩል ያለው ጉዳይ ከወንዝ ይልቅ የጉድጓድ ነው። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድና ብርጭቆ መሰል ድንጋይ፣ ከአልካላይን ውሃ ጋር ሲገናኝ አርሰኒክን ይለቃል። በጥናት ከታዩት ጉድጓዶች በርካቶቹ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ፣ አንዳንዶቹም ከ100 በላይ ተገኝተዋል። ከተራራው ጥግ ያሉት ምንጮች ከወለሉ ጉድጓዶች የተሻሉ ናቸው። ስለ ስምጥ ሸለቆ ውሃ ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው ፍሎራይድን ነው፤ ጥርስ ስለሚያበልዝ ይታያል። አርሰኒክ በዚያው ውሃ ውስጥ አብሮ ሲኖር ለዓይን የሚታይ ምልክት የሚሰጠው ዘግይቶ ነው። ለፍሎራይድ የተተከለ ማጣሪያ አርሰኒክንም መያዙ በምርመራ መረጋገጥ አለበት፣ በግምት አይያዝም።

በማዕድኑ በኩል ያለው ደግሞ ወርቅ ነው። በጉጂ ዞን የለገ ደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ በ2018 የታገደው ነዋሪዎች በሕፃናት ላይ ያዩትን የአካል ጉዳትና ሕመም፣ በከብቶቻቸውም ላይ የደረሰውን ጠቅሰው ከተቃወሙ በኋላ ነው፤ በ2021 ሥራው ቀጠለ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ኩርሙክና በምዕራብ ወለጋ ቱሉ ካፒም ሌሎች ትልልቅ የወርቅ ሥራዎች በመነሣት ላይ ናቸው። በባህላዊ መንገድ ከአሸዋ ወርቅ የሚያጥብ ሰው የሚያገኘው ድንጋይ ድኙን አስቀድሞ ተፈጥሮ ያጠበችለት ነው፤ የእሱ ትልቁ አደጋ ሜርኩሪ ነው። ከጠንካራ አለት ወርቅ የሚያወጣ ሥራ ግን ድኛሙን ድንጋይ ከጥልቅ አውጥቶ ይፈጫል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተፋሰሱ ጅረቶች፣ ደለላቸውና በዙሪያው ያሉ የመጠጥ ጉድጓዶች ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሙሉ ሊለኩ ይገባል፤ አርሰኒክ ብቻውን ሳይሆን ከነሰልፌቱ፣ ከነቦሮኑና ከነእርሳሱ። ውጤቱም በኩባንያው መሳቢያ ሳይሆን በወረዳው ጤና ጣቢያና በውሃ ጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ። ከዓመታት በኋላ አንድ እናት ወንዙ ልጇን እንደጎዳባት ስትናገር፣ «ይህ ከድሮም ነበር» የሚላት ሰው ማስረጃውን ከዚያ አውጥቶ ማሳየት ይኖርበታል።